የሰርቨር ጭነት ሲዛወር ነጋዴው ሊጠይቅ የሚገባው

በላሊበላ ከተማና በላስታ ደጋ የሚገኘው ነጋዴ ሒሳቡን በወረቀት መዝገብ ብቻ መያዝን እየተወ መሄዱ የታወቀ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ለገና በዓል የሚመጡትን እንግዶች ስም፣ የነጩ ማር ላኪ የጭነቱን ሰነድ፣ ባለሱቁም የዱቤውን ዝርዝር ከሩቅ በሚገኝ የኪራይ ሰርቨር ላይ ማኖር ይዟል። ይህ አሠራር ክላውድ ይባላል። በኪራይ ቤት ያለ ዕቃ አንድ ቀን መነሣቱ እንደማይቀር ሁሉ፣ በኪራይ ሰርቨር ያለ መዝገብም አንድ ቀን መዛወሩ አይቀርም። በዛሬው ጽሑፋችን የምናሳስበውም ይህ ዝውውር ነጋዴው ሳያውቀውና ሳይመክርበት እንዳይፈጸም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጋዴው የሚከራየው ሰርቨር ራሱን የቻለ የብረት ማሽን አይደለም። አንዱ ትልቅ ማሽን ሃይፐርቫይዘር በሚባል ፕሮግራም ተከፋፍሎ ለብዙ ተከራዮች ይታደላል፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰውም ድርሻ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። አከፋፋዩ ፕሮግራም ልዩ ልዩ ነው፤ ከታወቁትም ቪኤምዌር፣ ሃይፐር-ቪና ኬቪኤም ይገኙበታል። የአንዱ አጫጫን ከሌላው ጋር እንዳለ አይገጥምም።

ባለፉት ዓመታት ብዙ አከራዮች ከቪኤምዌር ለመውጣት የተነሡበት ምክንያት አለ። ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ቪኤምዌርን በ69 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ጠቀለለ። በተከታዩም ወር ፈቃዱን አንድ ጊዜ ገዝቶ ለዘለቄታው መያዝ እንዲቀርና በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በአገራችን ደግሞ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከታወጀ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቀድሞ 1,000 ዶላር ለሚያወጣ ፈቃድ 57,000 ብር ያሰናዳ የነበረ ሰው ከ100,000 ብር በላይ ማሰናዳት ግድ ሆነበት። ኬቪኤም ግን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ የሚገኝና ለራሱ የፈቃድ ክፍያ የማይጠየቅበት ነው። ስለዚህ አከራዩ ወጪውን ለመቀነስ ቢዛወር የሚነቀፍ አይሆንም።

ነገር ግን ዝውውሩ ጥንቃቄ ይሻል። ከአፋር የጨው ሜዳ የመጣው አሞሌ ከግመል ወርዶ ደጋውን በሚወጣው በቅሎ ሲጫን፣ ባለቤቱ ቆሞ መቍጠሩ የንግድ ወግ ነበር። ጨው የሚሰበረውና የሚጎድለው በመንገድ ላይ ብቻ ሳይሆን በማራገፊያውም ጭምር ነውና። በሰርቨሩ ማራገፊያ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ሦስት ዐይነት ነው።

አንደኛው፣ ማሽኑ በአዲሱ ስፍራ አልነሣ ሊል መቻሉ ነው። ብዙ ነጋዴዎቻችን የሚገለገሉበት ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። ዊንዶውስም አዲሱን ዲስክና የመረብ ካርድ የሚያውቅበት ድራይቨር አስቀድሞ ካልተጫነለት ይቆማል። ሁለተኛው፣ የመረብ ካርዱ መለያ ቍጥር ሲለወጥ በዚያ ቍጥር ላይ የታሰረው አድራሻ ወይም የፕሮግራም ፈቃድ መቋረጡ ነው። ሦስተኛውና የከፋው፣ መዝገቡ እየተጻፈበት ሳለ ቢገለበጥ ግማሹ የገባ፣ ግማሹ የቀረ ሒሳብ ይዞ መሄዱ ነው። ማሽኑ ተነሥቶ ሲሠራ ሁሉ ደኅና ይመስላል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው ግን ሒሳቡ ሲዘጋ ነው።

የጊዜውም ነገር ሊታሰብበት ይገባል። የ500 ጊጋባይት መዝገብ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ቢላክ፣ መስመሩ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይቋረጥ 111 ሰዓት ያህል፣ ማለት ከአራት ቀን ተኩል በላይ ይፈጃል። የላስታ ነጋዴም የመስመር መቋረጥ ምን እንደሚያስከትል ከማንም ይልቅ ያውቃል። ከሐምሌ 2013 መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በነበረው የጦርነት ጊዜ ከተማው ከመብራትና ከስልክ ተለይቶ ሰንብቷል፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለው ጊዜ መዝገቡ በሩቅ ብቻ የተቀመጠበት ነጋዴ ማን ስንት እንዳለበት ለማወቅ አይችልም።

ስለዚህ በበኩላችን ነጋዴው ከአከራዩ ጋር በሚፈራረመው ውል ውስጥ አራት ቃሎች እንዲገቡ እንመክራለን። አንደኛ፣ አከራዩ አከፋፋዩን ፕሮግራም ከመለወጡ በፊት ቢያንስ የሁለት ወር ማስታወቂያ እንዲሰጥ። ሁለተኛ፣ ነጋዴው በጠየቀ ጊዜ መዝገቡን በሌላ ቤት ሊነበብ በሚችል አኳኋን በዲስክ ገልብጦ እንዲያስረክበው። ሦስተኛ፣ ከዋናው ዝውውር በፊት ሙከራ እንዲደረግና የሁለቱም ቦታ ሒሳብ በባለቤቱ ፊት እንዲመሳከር። አራተኛ፣ አዲሱ ሰርቨር አንድ ወር ሙሉ ያለ ነቀፋ እስኪሠራ ድረስ አሮጌው እንዳይጠፋ። ይህ ለአከራዩ ጥቂት ወጪ ቢጨምርበትም፣ የጠፋ የዱቤ መዝገብ ለባለሱቁ ከሚያመጣው ኪሳራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ወሩንም መምረጥ ያስፈልጋል። እስከ ታኅሣሥ 29 ቀንና እስከ ጥምቀት ድረስ ላሊበላ በእንግዳ የሚሞላበት ጊዜ ስለ ሆነ ሰርቨር መንካት አይገባም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ ግብር የሚታሰብበት ሐምሌም እንዲሁ ነው። ፋሲካ አልፎ ሰኔ ሳይገባ ያለው ግንቦት ለሥራው የተሻለ ነው።

የሆቴሎቻችን ባለቤቶች ሌላም ግዴታ አለባቸው። የእንግዳ ስምና የፓስፖርት ቍጥር የግል ዳታ ስለ ሆነ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321 ይመለከታቸዋል። አዲሱ ሰርቨር የሚቀመጠው በየትኛው አገር እንደ ሆነ ሳያረጋግጡ ዝውውሩን መፍቀድ ለክስ ያጋልጣል።

አንድ ባለ ዐሥር ክፍል ሆቴል ወይም አንድ ባለሱቅ ብቻውን ሄዶ እነዚህን ቃሎች ቢጠይቅ የሚሰማው ጥቂት ነው። የከተማው ነጋድያን ግን በንግድ ምክር ቤታቸው አማካይነት አንድ ዐይነት የውል ረቂቅ አዘጋጅተው በአንድነት ቢቀርቡ፣ ገበያውን የሚፈልግ አከራይ ሊያልፋቸው አይችልም። እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ ነጋዴ የመዝገቡን ቅጂ በየሳምንቱ በዲስክ ገልብጦ በገዛ ቤቱ ቈልፎ እንዲያስቀምጥ አጥብቀን እናሳስባለን።