ፍርሃትን ከውጭ አላስመጣነውም

ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተማሪዎች አንዱ በደብተሩ ኅዳግ ላይ አፉን የከፈተ ጭራቅ ቢሥል፣ «ይህ የፈረንጅ ቅራቅንቦ ነው፤ ይልቅስ ዋልያ ሣል፣ ጭላዳ ሣል፣ የራስ ዳሸንን ጫፍ ሣል» የሚሉት ዳኞች ሞልተዋል። ዋልያ መሣል ነውር ነው አላልንም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ጐብኚ የሚገዛው እርሱኑ ነውና እንጀራ አለበት። ነገር ግን የሚሸጠው ሁሉ ኪነ ጥበብ፣ የሚያስፈራው ሁሉ ደግሞ ባዕድ ነው ተብሎ ሲፈረድ ዝም ብለን አናልፍም።

እስቲ ዳኞቹ በየአድባራቱ የተሣለውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ይመልከቱ። 78 ሰው፣ የገዛ ቤተሰቡን ጭምር የበላ ሰው፣ በውኃ ጥም ለተቃጠለ ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሲሰጥ፣ ኋላም ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን የእመቤታችን ጥላ በዚያች ውኃ ላይ ሲያርፍ፣ ሠዓሊው ትዕይንቱን ከፋፍሎ፣ አንዱን ከአንዱ አስከትሎ ያስነብበናል። ይህ በተከታታይ ሥዕል የተነገረ አስፈሪ ታሪክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ደጋጎቹን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎቹን ጐናቸውን አዙሮ በአንድ ዓይን መሣልም የሙያው ሕግ ነው። የዛሬ ጀማሪ ከውጭ መጽሔት ለመቅዳት የሚደክምበትን ብልሃት የጐንደር ሠዓልያን አስቀድመው ሠርተውበታል።

ክታቡም አለ። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ እየተሰፋ ይቀጠላል፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም ይበጠበጣል፤ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን በጦር የሚወጋ ሱስንዮስ፣ ከዚያም ዓይን፣ በዓይን ላይ ዓይን ይሣልበታል። ዓይኑ የሚያፈጠው በታማሚው ላይ ሳይሆን በጋኔኑ ላይ ነው። የማስፈራትን ጥበብ ለመድኃኒት ያዋለ አገር ልጁን ስለ ጭራቅ ሥዕል ይገሥጸዋልን?

ጃፓናዊው ጁንጂ ኢቶ በጥርስ ቴክኒሺያንነት እየሠራ የሣላትን «ቶሚዬ»ን እ.ኤ.አ. በ1987 ለውድድር ቢያቀርብ፣ ከዳኞቹ አንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ ሥራዎቹን ሲያነብ ያደገው የአስፈሪ ሥዕል ሊቅ ካዙኦ ኡሜዙ ነበር። ያገሩ ሊቅ ባገሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተቀበለው። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1954 አሳታሚዎቹ ራሳቸው ባወጡት ደንብ «አስፈሪ» የሚለው ቃል ከመጽሔት ርእስ ላይ ሳይቀር ታገደ፤ የብዙ ሠዓሊ እንጀራም ተዘጋ። የእኛዎቹ ዳኞች ከሁለቱ የትኛውን መርጠው ይሆን?

በአንድ ነገር ግን ጀማሪውንም እንቆጣዋለን። ቡዳ ጅብ ሆኖ በሌሊት ሲዞር ይሥላል እንበል። ይህ ወሬ በወገራና በሰሜን ብረት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን፣ በተለይም ቤተ እስራኤላውያንን፣ ሲያስገልል የኖረ ነው። ገበሬው ማረሻውን ከእጃቸው እየተቀበለ ዓይናቸውን ሲሸሽ ኖሯል። እንግዲህ ጅቡን የሚሥለው ወጣት ጭራቅ የሚያደርገው መዶሻ የጨበጠውን ነው፣ ወይስ ድንጋይ ይዞ የሚከተለውን? ይህን ሳይመልስ ቀለም ባይነካ ይሻላል።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ዘልቆ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ያንን ያየ ልጅ ዛሬ እርሳስ ቢያነሣ ምን እንዲሥል ነው የምንጠብቀው? በሚቀጥለው ዐውደ ርእይ ለዋልያውና ለጭላዳው ቦታ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለዚህ ልጅ የሚሰጠው ግድግዳ የትኛው እንደ ሆነ አዘጋጆቹ ይንገሩን።