ባቡሩ አጠገብ ያለነውን አታርቁን
ለተከበሩ የዳላስ ከተማ ከንቲባና ለከተማው ምክር ቤት አባላት፣

የምጽፍላችሁ ከቪከሪ ሜዶ ነው። ከሴንትራል ኤክስፕረስዌይ በስተምሥራቅ፣ ከኖርዝፓርክ የገበያ ማዕከል ማዶ፣ አሮጌ አፓርታማዎች ተጠጋግተው የቆሙበት ሰፈር ነው። እሑድ ከሰዓት በግቢው ስታልፉ ከአንዱ በር የሚቆላ ቡና ይሸታል፤ ከሚቀጥለው በር የሌላ አገር ምግብ። ገና ሳይነጋ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ወደ ሥራ ሲወጡ፣ የሌሊት ተረኞቹ ደግሞ ወደ ቤት ሲገቡ ደረጃው ላይ ይተላለፋሉ።

ምክር ቤታችሁ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የአየር ንብረት ዕቅድ አጽድቋል። የከተማዋን በካይ ጋዝ እስከ 2030 ድረስ ከ2015ቱ መጠን በ43 በመቶ ለመቀነስ፣ በ2050 ደግሞ ከካርቦን ነጻ ለመሆን ቃል የተገባበት ሰነድ ነው። እደግፈዋለሁ። በ2011 በጋ ሙቀቱ መቶ ፋራናይትና ከዚያ በላይ የደረሰባቸው ቀናት 71 ነበሩ። በየካቲት 2021 ደግሞ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ሁለት ፋራናይት ወርዶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቧንቧ ፈንድቶ፣ ልጆቻችንን በጋቢ ጠቅልለን አደርን። አየሩ መለወጡን ሊያስረዳን የሚመጣ ሰው አያስፈልገንም።

የምጽፈው ዕቅዱ ስለሚጠይቀው መሥዋዕትነት ነው። ይህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ክርክሩ አንድ ነው፦ መኪናውን ማን ይተው፣ ሣር ማጠጣቱን ማን ይቀንስ፣ ፎቁ በማን ሰፈር ይሠራ። በመስከረም 2024 የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ፣ ፎርዋርድ ዳላስ፣ ሲጸድቅም ከሁሉ በላይ የተሰማው የግል ቤት ባለቤቶች ሥጋት ነበር። ሰው ሰፈሩን ቢወድ አልፈርድበትም። ግን እንዲህ ኑሩ የምትሉት ኑሮ እኛ ድሮም የምንኖረው ነው። ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አምስትና ስድስት ሆነን እናድራለን። አንዲቱን ቶዮታ ቀን ታላቅየው፣ ሌሊት ታናሽየው የሚነዱባቸው ቤቶች አውቃለሁ። ጎረቤቴ የሆኑ እናት መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ሥራም፣ ክሊኒክም፣ ግሪንቪል ጎዳና ያሉት የሐበሻ ሱቆችም የሚደርሱት በእግራቸውና በዳርት የሕዝብ አውቶቡስ ነው። ፓርክ ሌይን ባቡር ጣቢያም ቅርብ ነው።

ይህ ሰፈር እንዲህ እንዲሆን ያቀደ አልነበረም። አፓርታማዎቹ አብዛኞቹ የተሠሩት ላላገቡ ወጣት ሠራተኞች ነበር። በ1988 የፌዴራል ሕግ ልጅ ላለው ቤተሰብ አላከራይም ማለትን ሲከለክል በሩ ተከፈተ፤ ቀስ በቀስ ስደተኛው ገባ። እኛም ገባን። ዛሬ እነዚያ ቤቶች አርጅተዋል። መስኮታቸው ነፋስ ያስገባል፣ ኤሲያቸው ቀንና ሌሊት እየጮኸ ከሙቀቱ ጋር ይታገላል፣ የመብራት ሂሳቡ የሳምንት ደመወዝ ይበላል። ከከተማዋ በካይ ጋዝ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ከሕንጻዎች እንደሚወጣ የራሳችሁ ጥናት ስለሚናገር፣ አሮጌውን አፍርሶ ኃይል ቆጣቢ አዲስ መሥራት አረንጓዴ ሥራ ይመስላል።

ሲፈርስ የሚሆነውን ግን አይቻለሁ። ከእኛ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ያለ ግቢ ባለቤት ተለወጠ። ማንም በጉልበት አልተባረረም። የተከራዮቹ ሊዝ ሲያልቅ አልታደሰም፣ በቃ። የቴክሳስ ሕግ ባለቤቱ ያላደሰበትን ምክንያት እንዲናገር አያስገድድም፤ እናንተም የኪራይ ጣሪያ እንዳታስቀምጡ፣ ከአደጋ ጊዜ በቀር፣ የግዛቱ ሕግ እንደያዛችሁ አውቃለሁ። ቤተሰቦቹ ኪራይ ረከስ ወዳለበት፣ ከዳላስ ራቅ ወዳሉት ወደ ፎርኒና ወደ ፕሪንስተን ከተሞች ሄዱ። ዳርት እዚያ የለም። በአንድ መኪና ይኖር የነበረ ቤት ሦስት መኪና ገዛ፤ በየቀኑ ሃይዌይ ላይ ይውላል። መንዳት የማይችሉት ጎረቤቴ ተራው የእርሳቸው ሲሆን ምን እንደሚያደርጉ ማሰብ ያስጨንቀኛል። በፈረሰው ቦታ የቆመው ቆጣቢ ሕንጻ የሚቆጥበው በከተማዋ መዝገብ ይገባል፤ ፎርኒ የተቃጠለው ቤንዚን ግን በማን ሂሳብ ይያዛል?

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝና ይህን ታሪክ በሌላ መልኩም አውቀዋለሁ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲፈርስ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ፣ ሰፊ የእግረኛ መንገድና አረንጓዴ ቦታ መጣ። ምትክ ቤት አግኝተው ወደ ከተማው ዳር የሄዱ ዘመዶቼ ግድግዳ አላጡም፤ ያጡት እድራቸውን፣ ደንበኞቻቸውን፣ በእግር የሚደረስ ሥራቸውን ነው። ዳላስም የራሷ ቁስል አላት፦ ሴንትራል ኤክስፕረስዌይ የተዘረጋው የጥቁሮች ሰፈር የነበረውን ፍሪድመንስ ታውንን ሰንጥቆ ነው። እኔ በየቀኑ የምነዳበት መንገድ ነው።

አትሥሩ አልልም። ሥሩ፣ ብዙ ሥሩ። በግንቦት 2025 ባቡር ጣቢያ አካባቢ ይጠየቅ የነበረውን የግዴታ መኪና ማቆሚያ አንስታችኋል፤ ጥሩ አደረጋችሁ። በዚያው ዓመት የግዛቱ ሕግ በንግድ ቦታዎች ላይ አፓርታማ መሥራትን ፈቅዷል። ባዶ የገበያ አዳራሽና ባዶ አስፋልት ከተማውን ሞልቶታል። ሰው ከሚኖርበት ግቢ በፊት እዚያ ጀምሩ። የእኛን ግቢዎች ደግሞ ጠግኑ፦ መስኮት፣ ጣሪያ፣ ኤሲ። ለጥገና ከከተማው ገንዘብ የሚወስድ ባለቤት ነባር ተከራዮቹን ለተወሰነ ዓመት በሚችሉት ኪራይ እንዲያቆይ በውል አስገቡት። በ2024 መራጩ ባጸደቀው የ1.25 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለመናፈሻዎች 345 ሚሊዮን ገደማ ተመድቧል፤ ለቤት 26.4 ሚሊዮን። ዛፍ እወዳለሁ፤ የእኛም ሰፈር ጥላ ያስፈልገዋል። ግን ዛፉ ሲያድግ ከሥሩ የምንቀመጠው እኛ መሆናችንን ማወቅ እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ገንዘብም የግዛቱን ፈቃድም አይጠይቅም። የአንድ ቦታ ዞኒንግ ሊለወጥ ሲል የግዛቱ ሕግ በ200 ጫማ ዙሪያ ላሉ የንብረት ባለቤቶች ደብዳቤ ይላክ ይላል። ተከራይ ባለቤት አይደለም፤ ስለዚህ የሚፈርሰው ቤት ውስጥ የሚተኛው ሰው ከማንም በኋላ ይሰማል። ከአሁን ጀምሮ ደብዳቤው በየበሩ ይድረስ፤ በስፓኒሽ፣ በበርማ ቋንቋ፣ በአማርኛም ይጻፍ። ስብሰባው የሌሊት ተረኛ በማይተኛበት ሰዓት፣ ከሰፈራችን በአውቶቡስ በሚደረስ ቦታ ይሁን። ጎረቤቴን እኔ ይዣቸው እመጣለሁ፤ የሚናገሩትንም እተረጉምላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የቪከሪ ሜዶ ተከራይ