ጫልቱ ስትባል፣ ቻልቱ ስትጻፍ

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ጫልቱ የሚለውን ስም የማያውቅ ቤተሰብ የለም። አያት ጫልቱ፣ አክስት ጫልቱ፣ ጎረቤት ጫልቱ አለች። ሕፃን ጫልቱ ግን ስንቶቻችሁ ቤት አለች? እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን በአንድ የክትባት ቀን ሁለትና ሦስት ጫልቱ እመዘግብ ነበር። ጡረታ ልወጣ ስል መዝገቡን የሞሉት ሲፈን፣ ኬና፣ ለሊሴና ናኦል ነበሩ። እነዚህም ያማሩ ስሞች ናቸው፤ ቅሬታ የለኝም።

ጫልቱ ላይ የደረሰው ግን የዘመን ለውጥ ብቻ አይደለም። ስሙ የመጣው መብለጥ ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ነው፤ ወንዱ ጫላ፣ ሴቷ ጫልቱ። በአማርኛ በለጠ እንደሚባለው ማለት ነው። ወላጅ ለልጁ ከዚህ የተሻለ ምን ይመኛል? እንዲያም ሆኖ ስሙ በከተማ ትምህርት ቤቶች የገጠር ልጅ መቀለጃ ሆኖ ቆይቷል። ትምህርት ቤት ሲገቡ ሄለን ወይም ሳራ የተባሉ ጫልቱዎች ዛሬ አያት ሆነዋል። ስለዚህ ምራት "አኮ፣ ይሄ ስም ይቅርባት" ብትል ንቀት ላይሆን ይችላል፤ ልጄን ይስቁባታል ብላ ነው። አትቆጧት፤ ትርጉሙን ንገሯት። እኔ በበኩሌ ስሙ ይመለስ ባይ ነኝ።

ከተመለሰ ግን በትክክል ይጠራ። በ1984 ዓ.ም. ቁቤ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፍበት ላቲን ፊደል ከእንግሊዝኛው የተለየ ድምፅ አለው። ‘ሲ’ የምትባለው ፊደል ብቻዋን ስትቆም ጨ ናት፤ ‘ኤች’ ስትከተላት ቸ ትሆናለች። በእንግሊዝኛ ልማድ ጫልቱን በ‘ሲ’ እና ‘ኤች’ የጻፈ ሰው፣ ቁቤ የተማረ ልጅ ፊት ‘ቻልቱ’ ብሎ ጽፏል ማለት ነው። በቁቤ በትክክል የተጻፈውን ደግሞ ውጭ አገር ‘ካልቱ’ ብለው ያነቡታል።

የአናባቢው ርዝመትም ቀላል ነገር አይደለም። ‘ቦና’ን ‘ቦ’ ላይ ረዘም ካደረጋችሁት ኩራት ነው፤ ቦንቱ የሚለው ስም ከዚያ ወገን ነው። ካሳጠራችሁት ግን በጋ፣ ደረቁ ወቅት ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ስለዚህ ጆሮ ይፍረደው። የእኛው የአዳማ ልጅ ሲፈን ሀሰን በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን ለኔዘርላንድስ ስታሸንፍ ብዙዎቻችን ‘ሲፋን’ እያልን ጮኸናል። እዚህ ሰፈር ግን ‘ሲ’ው ይረዝማል፣ ‘ፈ’ው ያጥራል።

ይህ ሁሉ የጆሮ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አምዱን አልይዝበትም ነበር። ለ45 ቀን ክትባት በአንድ አጻጻፍ የተመዘገበች ልጅ በ9 ወሯ ለኩፍኝ ስትመጣ በሌላ ከተጻፈች መዝገብ ላይ አትገኝም። ካርዱ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ የወሰደችውን ክትባት አልወሰደችም ተብሎ ይገመታል። ስሟ ተሳስቶ ሲጠራ እናቷ ተራዋ መድረሱን ሳታውቅ ወንበር ላይ የምትቆይበትም ቀን አለ።

የእኛ አገር ስም ደግሞ ሦስት ነው፤ የልጅ፣ የአባትና የአያት። በአባት መታወቂያ ላይ ገመቹ በአንድ ‘ኤም’ ተጽፎ፣ በልጅቷ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ በቁቤ ደንብ በሁለት ‘ኤም’ ቢጻፍ፣ ለእኛ አንድ ሰው ነው፤ ለኤምባሲ ግን ሁለት አባት ሊመስል ይችላል። ውጭ ያለ አባት ልጁን ለመውሰድ ሲጠይቅ ጣጣው ያን ጊዜ ይመጣል።

ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ከመሄዳችሁ በፊት ሦስቱንም ስሞች ቤት ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ጻፉ፤ በቁቤ፣ በአማርኛና ፓስፖርት ላይ እንዲወጣ በምትፈልጉት አጻጻፍ። የአባትና የአያቱን ከቆየው መታወቂያ ላይ ገልብጡ። የክትባት ካርዱም በዚያው ይጻፍ። ወረቀቱን ስትቀበሉ ጸሐፊዋ ጮክ ብላ እንድታነብላችሁ ጠይቁ። ‘ቻልቱ’ ካለች እዚያው መስኮቱ ላይ አስተካክሉት፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ማመልከቻና ምልልስ ይጠይቃል።