ለድባጤ ሁለተኛ ሻጭ ይፈቀድላት

ቴክሳስ ውስጥ ዳላስ ወይም ሂዩስተን የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤት ሲከራይ የመብራት ሻጮችን ዋጋ አወዳድሮ አንዱን ይመርጣል። ሽቦው ያው ነው፤ የሚለያየው ውል የሚያስገባውና ሒሳብ የሚሰበስበው ኩባንያ ነው። ይህን ምርጫ ለድባጤ ገበሬ ማንሳት ቅንጦት የሚመስለው አይጠፋም። እኔ ግን አንገብጋቢነቱ ከቴክሳስ ይልቅ ለመተከል ነው እላለሁ።

ሕዳሴ ግድብ ያለው ጉባ ነው፤ ጉባና ድባጤ የአንድ ዞን፣ የመተከል፣ ወረዳዎች ናቸው። መጋቢት 24 ቀን 2003 መሠረቱ የተጣለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው። ከዚያ የተዘረጋው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ሆለታ ይገባል። እንዲህ ያለ መስመር በመንደር አናት ላይ ቢያልፍም፣ ኃይሉ በማከፋፈያ ጣቢያ ወርዶ ትራንስፎርመር እስኪተከል ድረስ አንድ አምፖል አያበራም። ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ገደማው ገና መብራት አላገኘም፤ አብዛኛውም የገጠር ሰው ነው።

በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ያመነጫል፣ ሌላው ለቤታችን ያከፋፍላል። አመንጪው ለጅቡቲና ለሱዳን ሲሸጥ ቆይቷል፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ ለኬንያ። ሻጩ ገዢ ማብዛት ችሏል። ገዢው ግን ያለው አንድ በር ነው፤ እሱ ከተዘጋበት የሚያንኳኳው ሌላ የለውም።

ታዲያ እንደ ቴሌኮሙ ይከፈት? ሳፋሪኮም በ2015 ሥራ ሲጀምር የራሱን ምሰሶ ጭምር ተክሎ ነው የመጣው። በመብራት ግን በአንድ ሽቦ ላይ ብዙ ሻጭ የሚያስገባውን የቴክሳስን መንገድ አልመኝም። የካቲት 2013 ቴክሳስን በረዶ በመታት ሰሞን የጅምላ ዋጋው በኪሎ ዋት ሰዓት 9 ዶላር ደርሶ፣ ከገበያው ጋር የሚዋዥቅ ውል የገቡ ቤተሰቦች በሺህ የሚቆጠር ዶላር ተጠየቁ። ይህ ዕዳ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ሰው ላይ ሲወድቅ አስቡት።

ለእኛ የሚበጀው ሽቦው ባልደረሰበት ቀበሌ ሌላ አቅራቢ መፍቀድ ነው፤ ሶላርና ባትሪ ይዞ ለአንድ መንደር ከነወፍጮው የሚያበራ። ሕጉም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 810/2006 ከዋናው መስመር ውጭ ለሚሠራ አቅራቢ ፈቃድ የሚሰጠው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ፍትሕ የሚጎድለው ዋጋው ላይ ነው። የአገሪቱ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ቢሆንም ለአነስተኛ ተጠቃሚ ዛሬም ድጎማ አለው፤ ድጎማው የሚደርሰው ግን ቆጣሪ ላለው ብቻ ነው። ባትሪ ድንጋይ እየገዛ፣ በናፍጣ ወፍጮ እያስፈጨ የሚኖረው ከሁሉም በላይ ከፍሎ ከመብራቱ ድጎማ ምንም አይደርሰውም። ይህ ያስቆጣኛል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የሚወጣው ድጎማ ለመንደር ሶላር ደንበኛም መውጣት አለበት።

መተከል በ2013 ብዙ ሕይወት ጠፍቶበት፣ ብዙ ሰው ተፈናቅሎበታል፤ የሩቅ ባለሀብት ገንዘቡን እዚያ ለማፍሰስ ቢያመነታ አልፈርድበትም። ስለዚህ ቅድሚያው ለነዋሪው የኅብረት ሥራ ማኅበር ይሁን። ማኅበሩም ሆነ ባለሀብቱ ደግሞ ሶላሩን በተከለ ማግስት ዋናው መስመር ቢደርስ ንብረቱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይወቅ። ዋናው መስመር የትኛው የድባጤ ቀበሌ በየትኛው ዓመት እንደሚደርስ በስም ተዘርዝሮ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ፤ ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው ቀበሌ በዚያው ዓመት ለሌላ አቅራቢ ይከፈት።