የዳገቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው?

የሳምንቱ የዋጋ ዝርዝር እንደ ወትሮው ማታ ይወጣል። አሁን ግን ዋጋውን መንገድ ላይ ስለሚበላው ነገር ላውራችሁ፤ ስለ ዳገት። የማቀርበው መፍትሔ ደግሞ ሳይክል ነው። አትሳቁ፤ እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱ።

ጎንደርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከአዘዞ ተነስቶ ፒያሳ ለመድረስ ብቻ 200 ሜትር ገደማ ሽቅብ ነው። ከፒያሳ በኮሶዬ አድርጋችሁ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ስትወጡ ከ2,100 ሜትር ትነሱና ወደ 2,900 ሜትር ትጠጋላችሁ። ዳባትና ደባርቅም እዚያው ደጋ ላይ ናቸው። ባቄላው፣ አተሩ፣ ገብሱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ላይ ነው ያለው። ገዢው፣ መጋዘኑ፣ ባንኩ ታች ነው። ባሕር ዳር ሰው ሁሉ በሳይክል ሲሄድ እኛ የማንሄደው ሰነፍ ስለሆንን አይደለም፤ እነሱ ሜዳ ላይ ናቸው፣ እኛ ገደል ላይ።

ስለዚህ ዳገቱን በቤንዚን ነው የምንወጣው። ሐምሌ 2014 ላይ ሊትሩ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ ጥር 2017 ላይ ከ101 ብር አለፈ። ይኼ እንግዲህ ያኔ ማደያ ይሸጥበት የነበረው ዋጋ ነው፤ ማደያው ሲደርቅ ጀሪካን ይዞ ከሚቆመው ልጅ የምንገዛበትን እናንተም ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ኮንትራት የያዘ ደላላ ያንን ወጪ ከኪሱ አይከፍልም። ከየት እንደሚቀንሰው እኔ ልንገራችሁ፣ ሥራዬ ስለሆነ፤ ከገበሬው ዋጋ ላይ ነው የሚቀንሰው።

አምና ኅዳር ላይ የሆነውን ልናገር። ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲህ ያለ የአንድ መሠረታዊ ማኅበር ሊቀመንበር ማለዳ ደወሉልኝ። 60 ኩንታል ባቄላ ተወቅቶ ተከምሯል፣ አባላቱ ገንዘብ ይፈልጋሉ፣ ናሙና ወስደህ ዋጋ ንገረን አሉኝ። ጎንደር ላይ ጥሩ ገዢ ነበረኝ። “እስከ አራት ሰዓት እደርሳለሁ” አልኳቸው። ያኔ በተራ ሳይክሌ ላይ ሞተር ካስገጠምኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። የፊት ጎማ መሐል ላይ የሚገባውን፣ ርካሹን ዓይነት። የሸጠልኝ ሰው “ዳገት አይፈራም” ብሎኝ ነበር፤ እኔም ደላላ ሆኜ ሳለ የሌላ ደላላ ቃል አመንኩ።

ኮሶዬ ሳልደርስ የተቃጠለ ሽታ ሸተተኝ። ሞተሩ እጅ አያስነካም። ከዚያ በኋላ አንገቴን ደፍቼ ሳይክሉን መግፋት ሆነ፤ በመጨረሻም አንድ ኤፍኤስአር አሳዘንኩትና ከነሳይክሌ ጫነኝ። ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ባቄላው ተሽጧል። የገዛው ሰው ባጃጅ ይዞ፣ ጆንያ ይዞ፣ ብር ይዞ የመጣ ነው፤ የሰጣቸው ዋጋ የእኔ ገዢ ሊሰጥ ከተዘጋጀው በኩንታል 300 ብር ያነሰ። በ60 ኩንታል 18,000 ብር ማለት ነው። ሊቀመንበሩ አልተቆጡኝም፤ “ልጄ፣ እኛማ ጠበቅንህ፤ ሌላ ሰው ከሌለ የመጣውን ሰው ዋጋ ከመቀበል ሌላ ምን እናድርግ?” ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ቀን የእኔ ኮሚሽን መቅረቱ ትንሹ ነገር ነው። ደጋ ላይ ዋጋ የሚወስነው ዳገቱን ቀድሞ የወጣ ሰው ነው። አንድ ሰው ብቻ ከወጣ አንድ ዋጋ ብቻ አለ። ሦስት ሰው ቢወጣ ግን ሦስት ዋጋ ይኖራል።

“ስልክ እያለ ለምን ትወጣለህ? ፎቶ ይላኩልህ” የምትሉኝ አትጠፉም። ባቄላ በፎቶ አይነከስም። እርጥበቱን በጥርስ፣ ባዕድ ነገሩን በመዳፍ፣ የነቀዙን በዓይን ካላየ የሚከፍል ላኪ የለም። በስልክ የተነገረ ዋጋ መጋዘን በር ላይ ሲደርስ ይፈርሳል፤ ያኔ መኪናው ተጭኗል፣ ገበሬው እጁ ታስሯል።

አሁን ወደ ሳይክሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ነገሩን ትቼው ነበር፤ ግን ንዴቱ አላስተኛኝምና ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እኔ 70 ኪሎ ነኝ፤ ሳይክሉ ከነሞተሩና ከነባትሪው 22 ኪሎ፤ ናሙናው 8 ኪሎ። በድምሩ አንድ ኩንታል ነን። አንድ ኩንታል 200 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት በንጹሕ ስሌት 55 ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል። 700 ሜትር ለማንሳት ደግሞ 190 ገደማ። የጎማው መፈተግ፣ ነፋሱና የሞተሩ ብክነት ሲጨመርበት ይበዛል፤ በሌላ በኩል እኔም ፔዳል እረግጣለሁ። ስለዚህ 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ሰውየው እያገዘው፣ ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ ያደርሳል። ያንን ባትሪ ለመሙላት የሚሄደው መብራት ግማሽ ኪሎዋት ሰዓትና ጥቂት ነው። ይኼ ምን ያህል እንደሆነ እናቶቻችንን ጠይቁ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ የሚበላው ነው። ከአንድ ሊትር ቤንዚን ጋር በራሳችሁ የመብራት ደረሰኝ አወዳድሩት።

ታዲያ የመጀመሪያው ሞተር ለምን ተቃጠለ? ጉልበት አንሶት አይደለም። በ100 ሜትር 6 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ለእኛ ኩንታል 230 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ጤነኛ ሰው ለረጅም ሰዓት ሳይደክም ከ75 እስከ 100 ዋት ይሰጣል። የቀረውን 250 ዋት የተባለ ሞተር በደንብ ይሸፍነዋል። ችግሩ ሌላ ነው። ጎማ መሐል የሚገባ ሞተር ማርሽ መቀየር አይችልም። ሜዳ ላይ በ25 ኪሎ ሜትር ሲሽከረከር ኤሌክትሪኩ ወደ ጉልበት ይለወጣል፤ ዳገት ይዞት ወደ 7 እና 8 ሲወርድ ግን ብዙው ወደ ሙቀት ይለወጣል። በአራተኛ ማርሽ ዳገት እንደሚወጣ መኪና በሉት።

ለእኛ አገር የሚሆነው ፔዳሉ ያለበት ቦታ ላይ የሚገባው ነው። እንደ ባፋንግ ያሉ የቻይና ኩባንያዎች ለተራ ሳይክል የሚገጠም አድርገው ይሠሩታል። ጉልበቱን በሰንሰለቱ በኩል ስለሚያስተላልፍ የሳይክሉን ማርሽ ይጠቀማል፤ ዳገት ሲመጣ ትቀንሳለህ፣ ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አይግልም። ዋጋው ይበልጣል፣ ሰንሰለትና ጥርሱንም ቶሎ ይበላል። እኔ ሁለተኛውን ይህን አስገጠምኩ፤ እስካሁን ኮሶዬን ስወጣ አንድም ቀን አልገፋሁም።

ለማስገጠም የምታስቡ ሦስት ነገር ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ሳይክሉ። ባለ ማርሽ መሆን አለበት። ፔዳሉ የሚያልፍበትን ቧንቧ ስፋት ለኩ፤ አብዛኛው የዚህ ዓይነት ሞተር የሚገባው 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር በሆነ ላይ ነው። የድሮ ፎኒክስ ያላችሁ ሳትለኩ ብር አትክፈሉ።

ሁለተኛ፣ ባትሪው። እዚህ ላይ ነው የምንበላው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዙት፤ 36 ቮልት 14 አምፔር ሰዓት ማለት 504 ዋት ሰዓት ነው። ከዚያ እንደ እህል አድርጋችሁ ሚዛን ላይ አውጡት። ገበያ ላይ ያለ የሊቲየም ባትሪ ከነቤቱ በኪሎ ከ150 እስከ 200 ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው። “20 አምፔር ሰዓት” ተብሎ የተጻፈበት የ36 ቮልት ባትሪ 2 ኪሎ ከመዘነ ጽሑፉ ውሸት ነው፤ ወደ 4 ኪሎ መጠጋት ነበረበት። ጆንያ ሳንመዝን የማንገዛ ሰዎች ባትሪ በጽሑፍ መግዛታችን ይገርማል። ቻርጀሩም የራሱ ይሁን፤ የ36 ቮልት ባትሪ የሚሞላው በ42 ቮልት ነው፤ የ48ቱን ቻርጀር ከሰካችሁበት እሳት እየጠራችሁ ነው። እህል ያለበት መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ አጠገብ፣ ሌሊት ተኝታችሁ ቻርጅ አታድርጉ። ይህንን ቀልድ አድርጋችሁ እንዳታዩት።

ሦስተኛ፣ ፍሬን። ሁላችንም መውጣቱን እናስባለን፤ የሚገድለው መውረዱ ነው። ሳይክሉ ከብዷል፣ ቁልቁለቱ ግን ያው ነው። ፍሬኑን ሳትቀይሩ ሞተር አታስገጥሙ። ዝናብ ላይ የቸርኬ ፍሬን አያምኑትም፤ የዲስክ ፍሬን የሚቀበል ሳይክል ፈልጉ።

ወጪውስ? በብር ብነግራችሁ በወሩ ይቀየራል፤ በጤፍ ልንገራችሁ። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ ፍሬኑና የእጅ ዋጋው ተደምሮ የአምስት ኩንታል ማኛ ጤፍ ዋጋ ያህል ወጣብኝ። የተቃጠለውን ብጨምር ስድስት ተኩል። ከዚያ በፊት ለባጃጅና ለሞተር ሳይክል በወር የአንድ ኩንታል ዋጋ ያህል አወጣ ነበር። በስድስት ወር ከሞላ ጎደል ወጪውን መልሷል። የማይሆንበትንም ልንገራችሁ፤ የመተማ ሰሊጥ ለማየት በሳይክል አይኬድም፣ ከደባርቅ ወዲያ ሊማሊሞን በዚህ ውረዱ አልልም፣ መንገድ ሲዘጋም ሳይክል ከማንም አይለይም፣ ቤት ቁጭ ነው።

እስካሁን ስለ ራሴ ነው ያወራሁት። ዋናው ሐሳቤ ግን ለዩኒየኖችና ለመሠረታዊ ማኅበራት ነው። ደላላ ዳገት እስኪወጣላችሁ ለምን ትጠብቃላችሁ? ናሙናውን እናንተ አውርዱት። ናሙና ይዞ መውረድ ማንም ተራ ሳይክል ያለው ወጣት ይችላል፤ እስከ ዛሬ ያስቸገረው ተመልሶ መውጣቱ ነበር። ያንን መመለሻ ነው ይህ ሞተር የሚፈታው። አንድ ማኅበር አንድ ሳይክል ቢያስገጥም፣ አንድ ልጅ ማለዳ አምስት ናሙና ይዞ ጎንደር ይወርዳል፣ ቅዳሜ ገበያ ያሉትን ነጋዴዎች፣ ላኪውን፣ ደላላውንም እኔን ጨምሮ ዋጋ ይጠይቃል፣ ከሰዓት ሦስት ዋጋ ይዞ ይመለሳል። ያኔ የመጣውን ሰው ዋጋ የሚቀበል ሊቀመንበር አይኖርም። በእኔ ባቄላ ቀን የጠፋው 18,000 ብር ብቻውን ወጪውን ለመሸፈን ጥሩ መነሻ ነበር። እንደ ፀሐይ ያሉ ዩኒየኖች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ሲያከፋፍሉ አምስት ማኅበር መርጠው ለአንድ የመኸር ወቅት ይሞክሩት። ካልሠራ ሞተሩ ተፈትቶ ይሸጣል፣ ሳይክሉም ሳይክል ሆኖ ይቀራል።

“አንተ ደላላ ሆነህ ይህን ስትል እንጀራህን አትዘጋም?” ትሉኝ ይሆናል። የሚዘጋው ዳገቱን እንደ አጥር የሚጠቀምበት ሰው እንጀራ ነው። ጥሩ ገዢ ያለው ደላላ ናሙና በዝቶ ሲመጣለት ሥራው ይሰፋል። ላኪዎችም ብትሆኑ መጋዘን በር ላይ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ ዘር የታየበት ውል ይሻላችኋል።

ለመንግሥት አንድ ነገር። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። የኤሌክትሪክ መኪና ተገጣጥሞ ሲገባ 15፣ በከፊል ተበትኖ 5፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ሲገባ ዜሮ በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ተባለ። ጥሩ ነው። መኪና የማይገዛው ሰው ግን ይበዛል። ያው ስሌት ለሳይክል ሞተርና ባትሪ በግልጽ ተጽፎ ይውጣልን። መንገድ ላይም ክርክር እንዳይኖር መስመር ይሰመር። አውሮፓ ውስጥ ሞተሩ ከ250 ዋት ካልበለጠ፣ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ ካገዘና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ካቆመ እንደ ሳይክል ነው የሚቆጠረው፤ ታርጋም መንጃ ፈቃድም አይጠየቅበትም። ለእኛም ይህ ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት እነዚያው ሊቀመንበር ደወሉ። በዚህ ዓመት ባቄላው ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ይወቃል አሉኝ። “ቀድመህ ትደርሳለህ ወይስ እንደ አምናው ነው?” ሲሉ ሳቁብኝ። እደርሳለሁ አልኳቸው። ደግሞ ሁለተኛ ሐሳብ ነገርኳቸው፤ የወንድማቸው ልጅ ባለ ማርሽ ሳይክል አለው። የፔዳሉን ቧንቧ ለክቶ እንዲልክልኝ አድርጌያለሁ፤ 68 ነው፣ ይገባል።

የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በተለይ በወገራና በዳባት መንገድ፣ ያጋጠማችሁን ከታች ጻፉልን። የተቃጠለባችሁም ጻፉ፣ አትፈሩ፤ እኔም ጽፌያለሁ። ማታ በዋጋ ዝርዝሩ እንገናኝ።