ከክት ልብስ በፊት ለአዘቦቱ ቦታ እንስጥ

ዛሬ ስለ መድኃኒት አይደለም የማወራችሁ፤ ስለ ልብስ አቀማመጥ ነው። «ሐኪም ደግሞ ስለ ቁም ሳጥን ምን አገባት?» ሳትሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

በብዙዎቻችን ቤት ያለው ልማድ ይህ ነው። የክት ልብሱ፣ የጥምቀቱ ቀሚስ፣ የሠርጉ ሱፍ፣ ነጭ ነጠላው ታጥቦና ተጣጥፎ ቁም ሳጥን ወይም ሻንጣ ውስጥ ይቀመጣል። በየቀኑ የሚለበሰው ሹራብ፣ ካፖርትና የልጆች ዩኒፎርም ግን በር ኋላ ካለው ሚስማር ላይ ተደራርቦ ይሰቀላል፣ ወይም የቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። በእኔ እምነት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የክት ልብስ በዓመት ጥቂት ቀን ነው ገላችንን የሚነካው፤ የአዘቦቱ ግን ዓመቱን ሙሉ። የተሻለው ቦታ ለአዘቦቱ ይገባል።

ምክንያቴ የጤና ነው። ጎንደር ከተማም ሆነ ዳባት፣ ደባርቅና ጃናሞራ ብርድ ነው። ወፍራም ልብስ ደራርበን እንለብሳለን፣ ቶሎ ቶሎ አናጥብም፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ የታጠበውም አይደርቅም። ይህ ለልብስ ቅማል ምቹ ነው። የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል ይለያል። የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የሚመጣው ደም ሊመጥ ብቻ ነው። ተስቦንና የሚያገረሽ ትኩሳትን (ግርሻን) የሚያስተላልፈውም እሱ ነው። ግርሻ ዛሬ በሌላው ዓለም እምብዛም አይታይም፤ በእኛ ደጋ ግን አሁንም አለ። ብዙ ሰው ተጨናንቆ በሚያድርበት፣ ልብስና ብርድ ልብስ በሚጋሩበት ቦታ፣ በቀን ሠራተኞችና በአብነት ተማሪዎች ዘንድ ይበረታል። ሕክምና ካላገኘ ይገድላል።

ቅማል የስንፍና ምልክት አይደለም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ እናት ከወንዝ ቀድታ በምታመጣበት ገጠር «አዘውትራችሁ እጠቡ» ብቻ ብሎ መሄድ ለሐኪም አይበቃም። አቀማመጡ ላይ የማተኩረው ለዚህ ነው። የልብስ ቅማል ደም ካላገኘ ከሳምንት እምብዛም አያልፍም። እንቁላሉ ቢፈለፈልም የሚመጠው ገላ ከሌለ ይሞታል። እከክ የምታመጣው ነፍሳትም ከሰው ገላ ውጭ የምትቆየው ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ውኃ ባይኖርም ጊዜ ይሠራልናል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ እከክ በአማራ ክልል ምን ያህል እንደተስፋፋ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ውኃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎዳው ቆዳችን ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦

1. የተለበሰውንና ንጹሑን ለዩ። አንድ ካርቶን ወይም መሳቢያ ለንጹሑ፣ አንድ ገመድ ለተለበሰው ይበቃል። ቁም ሳጥን መግዛት ግድ አይደለም።

2. ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ መስቀያ ይኑረው። የአንዱ ሹራብ በሌላው ላይ አይደረብ። ቅማልም እከክም በንክኪ ይሻገራሉ።

3. ከሌላ ቦታ የመጣ ልብስ ከቤት ልብስ ጋር አይቀላቀል። ከመተማ ወይም ከሁመራ ከሥራ የተመለሰ ሰው ልብስ፣ ከሰልባጅ የተገዛውም ጭምር መጀመሪያ ይታጠብ። መታጠብ ካልቻለ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ እንደ ደባርቅ ባለ ብርድ አገር ወር ቢሞላው የበለጠ ያስተማምናል።

4. ውኃ ካለ አፍሉ። ደባርቅ ላይ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው፤ ቅማሉንና እንቁላሉን ለመግደል ግን ከ55 ዲግሪ ማለፉ ይበቃል። ካውያ ያላችሁ ስፌቱን በደንብ ተኩሱት።

5. እርጥብ ልብስ አታጥፉ። በክረምት ያልደረቀ ልብስ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ይሻግታል፤ ሻጋታ ደግሞ አስም ያለበትን ልጅ ያስለዋል፣ ትንፋሹን ያጥረዋል። ፀሐይ ስትወጣ ሳጥኑንም ከፍታችሁ አናፍሱት።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ብል እንዳይበላው ተብሎ ልብስ መሃል የሚጣለው ነጭ ድብልብል፣ ናፍታሊን፣ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ትንንሽ ልጆች ከረሜላ መስሏቸው ይውጡታል። አራስ ልጅ ደግሞ በናፍታሊን የተቀመጠ ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ሲለብስ፣ በተለይ በተፈጥሮው የደም ኢንዛይም እጥረት ካለበት፣ ቀይ የደም ሴሎቹ ሊፈርሱ፣ ቆዳውና ዓይኑ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ከባድ ቢጫነት አንጎልን ይጎዳል። ከታላቁ የተረፈውን የሕፃን ልብስ ለአዲሱ ልጅ ያለ ናፍታሊን አስቀምጡት፤ አስቀድሞ ተደርጎበት ከሆነ አጥባችሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ አናፍሳችሁ አልብሱት።

የእህል ፀረ ተባይ ወይም የአረም መድኃኒት ልብስና አልጋ ላይ መርጨትም ፈጽሞ አይገባም። በቆዳና በትንፋሽ ይገባል። ከዚያ በኋላ ልጁ ለሃጩ ከበዛ፣ ካላበው፣ ካስመለሰው ወይም መተንፈስ ካቃተው ልብሱን አውልቃችሁ፣ ገላውን በውኃና በሳሙና አጥባችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ድንገት ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ከባድ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ሲመጣም፣ ወይም ትኩሳቱ ለቆ ከቀናት በኋላ ሲመለስ፣ ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝታችሁ አትጀምሩ። ግርሻ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመድኃኒትም ይድናል። ነገር ግን ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሽተኛው በድንገት ሊንቀጠቀጥና የደም ግፊቱ ሊወርድ ስለሚችል ሐኪም አጠገብ መሆን አለበት። ቅማሉን በጥፍር መጨፍለቅም ይቅር፤ በሽታው የሚገባው ከተጨፈለቀው ቅማል በሚወጣው ፈሳሽ ነው።

ጎንደር የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት በ1947 ዓ.ም. ነው። ያኔ የሠለጠኑት የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች ገና ከጅምሩ ወደ ሰው ቤት እየሄዱ እንዲሠሩ ታስበው ነበር። ሕክምና ከቤት እንደሚጀምር ይህች ከተማ ቀድማ አውቃለች። ከእናንተ የምጠይቀውም ትልቅ ነገር አይደለም። በዚህ ሰንበት የበር ኋላውን ክምር አውርዱና የማን የማን እንደሆነ ለዩት። የክት ልብሱ ጠበብ ብሎት ቢቀመጥ ምንም አይሆንም።

ለጎረቤትና ለዘመድ አጋሩልኝ።