ናይትሮጅን ጀርም አይገድልም

ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ የኮርማ አባላዘር ዋጋ የሚቆረጠው በአብዛኛው በዝርያውና በኮርማው የዘር ብቃት ነው። ንጽሕናው ግን እምብዛም አይጠየቅም። ይህ ልማድ ገዢውን ያከስራል።

ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚደርሰው ፈሳሽ ናይትሮጅን ጀርሙን የሚጨርሰው የሚመስላቸው አሉ። አይጨርሰውም፤ ብዙ ባክቴሪያ ከዘሩ ጋር አብሮ ይቆያል። በማቅጠኛው ውስጥ የሚጨመረው እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒትም የተላመደውን ጀርም አያጠፋም። ስለዚህ ሥራው ከኮርማው ይጀምራል፦ የሸለፈቱን ፀጉር ማሳጠር፣ ሆዱን አጥቦ ማድረቅ፣ ለእያንዳንዱ ኮርማ ከጀርም የጸዳ መሰብሰቢያ ዕቃ ማቅረብ።

ይህ ወጪ አለው። ነገር ግን በተበከለ አባላዘር የተነሣ ያልያዘች ላም እስከሚቀጥለው ድራት በአማካይ 21 ቀን ያለ ፍሬ ትቀለባለች፤ ማሕፀኗ ከቆሰለ ደግሞ ኪሳራው ይበዛል። ከዚያ ገበሬው የሚወቅሰው አምራቹን ሳይሆን የሸጠለትን ነጋዴ ነው።

እናም ነጋዴው ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በስትሮው ላይ የታተመውን የኮርማ ቁጥርና የምርት ቀን፣ የዚያን ምርት የባክቴሪያ ቆጠራ ውጤት፣ ኮርማው ከብሩሴሎሲስና ከካምፒሎባክተር ነፃ መሆኑን የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት። ገዢዎች ለንጽሕና መክፈል ሲጀምሩ አምራቾችም ያጸዳሉ።